የአውጥ አበባ እየረገፈ ፍሬ ከለከለኝ

ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አውጥ የምታበቅሉ ሰዎች እርዱኝ። ጥቁሩን ሳይሆን ወረቀት በመሰለ ልባስ ተሸፍኖ የሚበስለውን ቢጫውን ነው። ዘሩን እህቴ ከሐረር ልካልኝ የካቲት ላይ ዘራሁት፤ አሁን ወገቤ ጋ ደርሷል። ቅጠሉ ሲያዩት ያምራል፣ አበባም ያወጣል። ግን ጠዋት ፈክቶ ያየሁት አበባ ማታ ከነአንገቱ አፈር ላይ ወድቆ ነው የማገኘው። የተከልኩት በተቆረጠ ጀሪካን ነው፣ ግቢ በር አጠገብ፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያገኘዋል። የፍየል ፍግም እየጨመርኩለት ነው። ልጆቼ ፍሬውን ሲወዱት ለጉድ ነው። ምን ላድርግ?

ከሐረር፣ ሸዋ በር፦
እህቴ፣ ተክሉ ደህና ነው፤ ያስቸገረሽ የድሬ ሙቀት ነው። አውጥ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራሮች ናቸው፤ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል። ሐረር ከ1800 ሜትር በላይ ስለሆነች እኛ ጋ ይመቸዋል፣ ድሬ ግን 1200 ገደማ ናት። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ የአበባው ብናኝ ይከሽፍና ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ዘመዱ ቲማቲምም እንዲሁ ያደርጋል።

እባክሽ እንዳትነቅይው! እስከ ጉልበትሽ አሳጥሪውና ጀሪካኑን የከሰዓት ፀሐይ ወደማይደርስበት ግድግዳ ሥር ውሰጂው። አፈሩን በደረቅ ሣር አልብሺው። ክረምት ላይ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ዋናው አበባ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እንዲውል ነው የምንፈልገው፣ ያኔ ድሬም በረድ ትላለች። ሌላ የምትዘሪ ከሆነ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ዝሪ።

ፍጉን ለጊዜው ተይው፤ ሲበዛ ቅጠል ብቻ ነው የሚሆነው። አበባው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ ግን ነፋስ በማይገባበት ግቢ ብናኙ አይራገፍም። ጠዋት ጠዋት ቅርንጫፉን በጣትሽ መታ መታ አድርጊው።

ከከዚራ፣ ድሬዳዋ፦
እሷ ያለችው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ጀሪካኑ ከሥሩ በደንብ መበሳቱን እይ፤ ውሃ ካቆረ ሥሩ ይበሰብሳል። የቧንቧችን ውሃ ደግሞ ኖራ ይበዛዋል፣ አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ካየሽ የዝናብ ውሃ አጠራቅመሽ እጠቢው። ቅጠሉንም ገልብጠሽ እይ፤ ነጭ ዝንብ ካለ ማታ ማታ ቀጠን ባለ የሳሙና ውሃ እጠቢው።

ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጀሪካኑን ዛሬውኑ አዛውረዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ መብሰሉን በምን አውቃለሁ? ልጆቹ ደግሞ ሜዳ ላይ ልባስ ያለው ቀይ ፍሬ አይተው «ይሄም አውጥ ነው» ይላሉ።

ከሐረር፣ ሸዋ በር፦
ኧረ እሱን እንዳይበሉ! ግዛዋ ነው የሚሆነው። የግዛዋ ፍሬ አተር የምታህል ቀይ ናት፣ ቅጠሉም አመድማ ነው። የአውጥ ፍሬ ከሱ ይተልቃል፤ ሲበስልም ብርቱካንማ ቢጫ ነው እንጂ አይቀላም። አረንጓዴውን አውጥ ራሱን አታብያቸው፣ ሆድ ይጎዳል። ከቅርንጫፉ አትቅጠፊ፤ ልባሱ ደርቆ ገለባ ሲመስል ራሱ ይወድቃል። ከመሬት ለቅመሽ ገልጠሽ እይው፣ አረንጓዴ ከቀረበት ከነልባሱ ጥቂት ቀን አቆዪው። የበሰለውም ቢሆን ከነልባሱ ደረቅ ቦታ ሳምንታት ይቆያል፣ ፍሪጅ አያስፈልገውም።