ልጄ ከጅማ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሊሄድ ነው፤ በረራውን ለትምህርቱ እንዴት እንጠቀምበት?

ጠያቂ (የ5ኛ ክፍል ተማሪ እናት)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ በመጪው ዕረፍት ከጅማ አዲስ አበባ ሄዶ በሳምንቱ ይመለሳል። አውሮፕላን ሲሳፈር የመጀመሪያው ነው። ሂሳብ፣ ሳይንስ፣ ጂኦግራፊና ቋንቋ የሚነካ ሥራ ልሰጠው ፈልጌያለሁ። ግን በወረቀት ብዛት ደስታውን እንዳላበላሽበት እሰጋለሁ። ትኬቱ 07:30 ይላል። በየትኛው በኩል ይቀመጥ? ምን ይያዝ?

ጅሬን ማዶ፦
እህቴ፣ በቅድሚያ ሰዓቱን አስተካክዪ። 07:30 ማለት ከጠዋቱ 1:30 ነው። የመጀመሪያው የሂሳብ ሥራ ይሄው ይሁን፤ ከትኬቱ ሰዓት 6 ቀንሶ በእኛ አቆጣጠር ይጻፈው። የመመለሻውም 13:10 ቢሆን ከሰዓት 7:10 ይሆናል ማለት ነው።

መቀመጫን በተመለከተ፣ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚበረው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። የግልገል ጊቤ 1 ሰው ሠራሽ ሐይቅ ከቀጥታው መስመር በስተቀኝ ስለሚቀር ሲሄድ ቀኝ፣ ሲመለስ ግራ መስኮት ይሻላል። ጠዋት ፀሐይዋም በዚያው በቀኝ በኩል ከፊት ስለምትመጣ ትንሽ ታስቸግረዋለች፤ ለሐይቁ ሲባል ግን መታገሥ ነው። የጊቤ ወንዝ ሸለቆ ደግሞ ከመስመሩ ሥር ማለት ይቻላል ያልፋል። ወንዙ ወደታች ሲወርድ ኦሞ ተብሎ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ ቀድሞ በካርታ ላይ በጣቱ ይከተለው። የግልገል ጊቤ 1 ውኃም ኤሌክትሪክ ካመነጨ በኋላ 26 ኪ.ሜ. ያህል በሚረዝም የመሬት ውስጥ ዋሻ አልፎ ጊቤ 2ን ያንቀሳቅሳል። ከላይ ይህ አይታይም፤ ስለዚህ ካየው ሐይቅ ጀምሮ የማይታየውን መስመር ራሱ ይሳለው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመሽ ንገሪው፦ ከጅማ ሲነሳ ቡናውን ፈልጎ አያገኘውም። ቡናችን በጥላ ዛፍ ሥር ስለሆነ ከላይ የሚታየው የዛፎቹ አናት ብቻ ነው። ለምን እንደማይታይ እሱ ያስረዳሽ።

መምህር ከሂርማታ፦
ለሂሳቡ አንድ ጥያቄ በቂ ነው፤ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነበር? የአየሩ ርቀት 260 ኪ.ሜ. ያህል ሲሆን በመኪና መንገዱ ወደ 350 ይጠጋል። አንድ ለ2 ሚሊዮን በሆነ ካርታ ላይ በማስመሪያ ሲለካ 13 ሳንቲ ሜትር ማግኘት አለበት። የመኪናው መንገድ በ90 ኪ.ሜ. ለምን እንደረዘመ ይጠይቁት፤ የጊቤን ሸለቆ ጠመዝማዛ ቁልቁለትና ዳገት ካየ መልሱን ያውቀዋል።

ልጆች የሚሳሳቱት ጊዜው ላይ ነው። በትኬቱ ላይ ያለው ጊዜ መሬት ላይ የሚንከባለልበትንም ይጨምራል። ስለዚህ ጎማው መሬት የለቀቀበትንና የነካበትን ደቂቃ ብቻ ይመዝግብ። 42 ደቂቃ ቢሆን 260 ለ0.7 ተካፍሎ 371 ኪ.ሜ. በሰዓት ይመጣል። በ1 ሰዓት ከቆጠረው ግን 260 ብቻ ይሆንበታል። አውሮፕላኑ በሰዓት ከ600 በላይ መብረር እየቻለ አማካዩ ለምን እንዳነሰ ሲወያዩ፣ መውጣትና መውረዱ ብዙውን ጊዜ እንደሚወስድ ይደርስበታል።

እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይያዝ፤ ከፍታ ላይ ቀለሙ ሊፈስ ይችላል። ሹል ጫፍ ያለው ኮምፓስም በፍተሻ ይወሰዳልና ቤት ይቅር።

የጥገና ባለሙያ፦
ጅማ የሚመላለሰው ብዙ ጊዜ ዳሽ 8 ኪው 400 ነው። ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ እይታ አይጋርድም። ከክንፉ ሥር አካባቢ ከተቀመጠ፣ ጎማው ታጥፎ ሞተሩ ወዳለበት ቤት ሲገባና ሲወጣ በዓይኑ ያየዋል። ፕሮፔለሩ 6 ምላጭ አለው፤ ቆሞ ሳለ ይቁጠረው። ሲዞር በስልክ ፎቶ ቢያነሳው ምላጮቹ የተጣመሙ ይመስላሉ፤ ካሜራው ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ነው። በዓይን ያየውንና በፎቶ የወጣውን ጎን ለጎን ይሳል።

ስልኩ በበረራ ሁነታ ላይ ሆኖም የጂፒኤስ ከፍታ ሊያሳይ ይችላል። ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ፣ ጂፒኤሱንም ከመነሳቱ በፊት መሬት ላይ አስይዙት፤ በበረራ ላይ ሲጀመር ሳተላይት ለመያዝ ይዘገያል። የበረራ አስተናጋጇ አጥፉ ካለች ግን ያጥፋ። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ጅማ 1,700 ሜትር ላይ 22 ዲግሪ ቢሆንና ስልኩ 5,700 ሜትር ቢያሳይ፣ ውጭው ከዜሮ በታች 4 ይሆናል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠርሙስ ዘግቶ መጨማደዱን ማየት ይቻላል ሲሉ ሰምቼ ነበር። አዲስ አበባ ሲደርስ ይጨማደዳል?

ቢሺሼ፦
ሲሄድ እምብዛም፣ ሲመለስ ግን በደንብ። ምክንያቱ እዚህ ነው፦ የአውሮፕላኑ ውስጥ አየር ከ2,400 ሜትር ብዙም ያልበለጠ ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ ይጠበቃል፤ አዲስ አበባ ራሷ 2,300 ሜትር ላይ ናት። ጅማ ግን 1,700 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሯ ይጫናል። ስለዚህ አዲስ አበባ አየር ማረፊያ ውስጥ ባዶ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ አጥብቆ ይዝጋ፤ የዘጋበትንም ሙቀት ይጻፍ። ጅማ ቤት ሲደርስ ጠርሙሱን ባልዲ ውኃ ውስጥ አስምጦ አፉን ወደታች አድርጎ ይክፈት፤ ውኃ ይስባል። እዚያው ውኃ ውስጥ እንዳለ ዘግቶ ያውጣና የገባውን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይለካ። 35 ሚሊ ሊትር ገደማ መጠበቅ ነው፤ ከ500 ሲሰላ 7 በመቶ።

ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ሙቀት ነው። ጅማ ከአዲስ አበባው ክፍል በ10 ዲግሪ ከሞቀች አየሩ ስለሚነፋ ከ35ቱ ግማሹ ይጠፋል። የባልዲውን ውኃ ወደጻፈው ሙቀት አቅርባችሁ ጠርሙሱ ሳይከፈት 15 ደቂቃ ይዘፈዘፍ። ክዳኑ ካላላ ደግሞ ምንም አይገኝም።

ጆሮውም የሚደፈነው በዚሁ ምክንያት ይበልጡን ሲመለስ ነው። መውረድ ሲጀምር የሚያኝከው ነገር ስጪው፤ እንቅልፍ ከያዘው ቀስቅሺው።

ጠያቂ፦
ደመና ሸፍኖ መሬት ባይታይስ?

ጅሬን ማዶ፦
ያኔ ደመናውን ይሥራ። ወደ ደመናው የገባበትንና የወጣበትን ከፍታ ይጻፍ፣ ልዩነቱ ውፍረቱ ነው። ለቋንቋው ደግሞ ማስታወቂያውን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲሰማ 5 ቃል ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይያዝ፤ ከዚያ ለአያቱ ግማሽ ገጽ ደብዳቤ። በኦሮምኛ አውሮፕላን ጢያራ እንደሚባልም ይጨምርበት። በአውሮፕላን ውስጥ ሲሆን ግን ከ3 ነገር በላይ አታሸክሚው፦ ሁለቱ የጎማ ደቂቃዎች፣ ከፍታው፣ አንድ ሥዕል። ስሌቱ ሁሉ ቤት ይደርሳል።