በሌዘር ስሠራ ቆይቼ ዓይኔ ላይ የሚዋኝ ነገር አያለሁ፤ የት ልታከም?

ሰላም ወገኖች፣ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በትርፍ ጊዜዬ በሌዘር መቅረጫ እንጨት ላይ የታንኳና የገዳማት ምስል እሠራለሁ። ማሽኑ 5 ዋት፣ ጨረሩ ሰማያዊ፣ 445 ናኖሜትር ነው፤ አደገኛ ከሚባለው ደረጃ 4 ይመደባል። አብሮት የመጣውን መነጽር ሁልጊዜ አደርጋለሁ፤ ግን የትኛውን ጨረር ምን ያህል እንደሚከላከል ምንም አልተጻፈበትም።

ሰሞኑን በቀኝ ዓይኔ ክርና ነጠብጣብ የመሰለ ነገር ይዋኛል። ሐይቁ ዳር ስሆንና ውሃው ሲያንጸባርቅ ይብስብኛል፣ ቤት ውስጥ ግን ብዙም አይታወቀኝም። ዓይኔን ሳዞር ይከተለኛል። እንዲህ ያለው ዓይን ውስጥ ካለው ዝልግልግ ፈሳሽ የሚመጣና ብዙ ሰው ላይ የሚታይ መሆኑን አውቃለሁ። የሌዘር ቃጠሎ የሚተወው ጥላ ግን ከሚያዩበት ቦታ ንቅንቅ አይልም።

በጣም ያስጨነቀኝ ሌላው ነው። ግራ ዓይኔን ሸፍኜ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ሳይ፣ መሃል ላይ ያሉት መስመሮች ይጎብጡብኛል። በግራው ቀጥ ያሉ ናቸው። ሕመም የለኝም፤ ሬቲና (ዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ቢጎዳም ስለማያም ይህ አያጽናናኝም። ብልጭታም ሆነ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ እስካሁን አላየሁም፤ ያ ከመጣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ማሽኑን አቁሜዋለሁ። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ለሬቲና የታከማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፦ ኦሲቲ የሚባለው የሬቲና ምርመራ እዚሁ ይሠራል ወይስ አዲስ አበባ ልሂድ? ለሐኪሙስ ከጨረሩ ዓይነትና ጉልበት ሌላ ምን ልንገረው?