መጸዳጃዋን እየቆፈረች የምትገለብጥ ጥንቸል፦ ምን ይሻላል?

ጥያቄ

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ዛሬ የያዝኩት የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የሥራ ጥያቄ አይደለም፣ አትሳቁብኝ። ልጆቼ ጨቅጭቀው ጨቅጭቀው ጥንቸል አስገዙኝ። ጠባይዋ መልካም ነው፣ አትናከስም። ችግሩ መጸዳጃ ሳጥኗ ነው። ሌሊት ትገባበትና ትጭራለች፣ ትቆፍራለች። ከዚያ ጠርዙን በጥርሷ ይዛ ትገለብጠዋለች። ጠዋት ስነሳ ሽንቱ፣ በጠጡ፣ ድርቆሹ ምንጣፉ ላይ ተደፍቶ ነው የማገኘው። ቤቱ ደግሞ ኪራይ ነው። ምንጣፉ ከተበላሸ አከራዩ ከማስያዣዬ ላይ ነው የሚቆርጠው። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴም ሌሊት የሚንኳኳው ምንድን ነው እያለ መጠየቅ ጀምሯል። ዕድሜዋ 7 ወር ገደማ ነው። የማምከን ቀዶ ሕክምና አልተደረገላትም። የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ፤ ልጆቹ ሳያዝኑ መልሼ ልሰጣት ምንም አልቀረኝ።

መልስ

አይዞሽ እህቴ፣ ማንም አይስቅብሽም። እኛም ቤት ጥንቸል አለ። ይሄ ጥንቸል ያሳደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጣጣ ነው፣ መላም አለው። አሁን አትመልሻት።

መጀመሪያ፣ ጥንቸሏ አንቺን ለማናደድ ብላ አይደለም። ሰው ቤት የሚያድጉት ጥንቸሎች በሙሉ፣ ድንኩም ግዙፉም፣ ዘራቸው ከአውሮፓ የዱር ጥንቸል ነው የሚመዘዘው። ያ እንስሳ ኑሮው መሬት ውስጥ ነው። ጉድጓዱን ራሱ ይቆፍራል፣ እዚያው ይሸሸጋል፣ እዚያው ይወልዳል። ስለዚህ መቆፈርን ከእሷ ላጥፋ ብለሽ ከተነሳሽ የምትደክሚው አንቺ ነሽ። የሚያዋጣው ሁለት ሥራ አብሮ መሥራት ነው፦ መጸዳጃው ለመቆፈርም ለመገልበጥም እንዳይመቻት ማድረግና የምትቆፍርበት ሌላ ቦታ መስጠት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ሠርቶ ይተወዋል። ከዚያ ጥንቸሏ ወደ ምንጣፉ ጥግ ትዞራለች፣ ባለቤቱም ባሰባት ይላል።

አሁን ወደ ዕድሜዋ ልምጣ፤ ጥያቄሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ሴት ናት፣ 7 ወሯ ነው፣ አልመከነችም። ጥንቸሎች ለአቅመ መውለድ የሚደርሱት ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ አካባቢ ነው። የእሷም ሆርሞን አሁን የሚግልበት ሰዓት ነው። እንዲህ ያለች ሴት ጥንቸል ክልሌ ነው ብላ የያዘችውን ቦታ ሁሉ እንደፈለገች ማድረግ ያምራታል፤ ሳጥን ታነሳለች፣ ትጥላለች፣ ትቆፍራለች። በዚያ ላይ የሐሰት እርግዝና የሚባል ነገር አለ። ወንድ ሳይነካት ያረገዘች መስሏት ጎጆ መሥራት ትጀምራለች። ድርቆሽ በአፏ ሞልታ ከወዲህ ወዲያ ስታመላልስ ካየሻት፣ ወይም ከደረቷ ፀጉር እየነጨች ካነጠፈች፣ ነገሩ ይሄ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ተኩል አካባቢ ቆይቶ ያልፋል፣ ግን ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ ማምከኑን አስቢበት። ለጠባዩ ብቻም አይደለም። ያልመከኑ ሴት ጥንቸሎች ዕድሜያቸው ሲገፋ የማህፀን ካንሰር በብዛት ይይዛቸዋል። ሐኪም ስትመርጪ ግን ጥንቸል ደጋግሞ ያከመ መሆኑን ጠይቂ። ውሻና ድመት የሚያክም ሁሉ ጥንቸል ያውቃል ማለት አይደለም። መለያ ላቀብልሽ፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሌሊቱን አታብያት ካለሽ ሌላ ሐኪም ፈልጊ። ጥንቸል ማስታወክ አትችልም፣ ሆዷም ባዶ መዋል የለበትም፤ እስከ ሰዓቷ ድረስ መብላት ነው ያለባት። ከሕክምናው በኋላ ደግሞ በማግስቱ ለውጥ አትጠብቂ። ሆርሞኑ ከደሟ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል።

እስከዚያው ሳጥኑን እናስተካክል። ገምቼ ልናገርና፣ ያንቺ ሳጥን ለጥግ የተሠራው ባለ ሦስት ማዕዘን ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። እሱን ጣይው። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ጠርዙም ለጥርስ የተመቸ ነው። ለጥንቸል የሚሆነው ሙሉ ሰውነቷን ይዛ የምትዞርበት፣ እግሯን ዘርግታ የምትቀመጥበት ሰፊ ሳጥን ነው። ለድመት የሚሠራው ትልቁ ይሆናል። ከዚያም የሚሻለው ልብስ የሚቀመጥበት ጥልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። በአንዱ ጎን ዝቅ ያለ መግቢያ ቁረጪለት፣ የተቆረጠውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው። ግድግዳው ከፍ ስላለ የምትጭረው ነገር ወደ ውጭ አይበተንም፤ ከላይ በጥርሷ ልትይዘው ብትልም አይመቻትም።

ከዚያ ክብደት። ሳጥኑ ውስጥ ከታች፣ ከሊተሩ (ሽንት እንዲመጥ ሳጥኑ ውስጥ ከሚነጠፈው ነገር) ሥር፣ አንድ ሁለት የወለል ሴራሚክ አንጥፊ። ጡብም ይሆናል፣ ግን ቦታ ይይዛል። ሴራሚኩ ለማጠብም ቀላል ነው። ይሄ ብቻውን ብዙ ጥንቸሎችን ተስፋ ያስቆርጣል። እልኸኛ ከሆነች ግን እሰሪው። ሳጥኑን ከአጥሯ ሽቦ ጋር አስጠግተሽ በጎኑ ሁለት ቀዳዳ ብሺ፣ በብሎንና በዳዶ እሰሪ፣ ፕላስቲኩ እንዳይሰነጠቅ ሮንዴላ ጣልቃ አስገቢ። የብሎኑ ጭንቅላት በውስጥ በኩል ይሁን፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ውጭ። ለማጽዳት ስትፈልጊ ዳዶውን ፈትተሽ ታወጪዋለሽ። መብሳት ካልፈለግሽ ትልልቁ የወረቀት መቆንጠጫም ይሠራል። የፕላስቲክ ማሰሪያ አልመክርሽም፤ ቆርጥማ ትበላዋለች።

ቦታውንም እይው። ሳጥኑ ጥግ ላይ፣ ሁለት ጎኑ በግድግዳ ወይም በአጥር ተይዞ ከተቀመጠ ልትገለብጠው የምትችለው በአንድ ወገን ብቻ ነው። መሀል ቦታ ላይ ያለ ሳጥን ግን ለእሷ መጫወቻ ነው።

ሊተሩ ራሱ ሌላ ወሬ ነው። ሰው ለጋስ ለመሆን ብሎ ወፍራም አድርጎ ይሞላዋል። ወፍራም ከሆነ ቆፍሪኝ ማለት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር በቂ ነው። ከወረቀት የተሠራ ፔሌት (ተጨምቆ እንደ ትንንሽ እንክብል የተሠራ) ጥሩ ነው፤ ተቀጣጣይ ነገር ያልተጨመረበት፣ በሙቀት የደረቀ የእንጨት ፔሌትም ይሆናል። የማይሆነው ሲረጥብ የሚጓጉለው የድመት አሸዋ ነው። ጥንቸል የምታገኘውን ሁሉ ትቀምሳለች፤ ያ ደግሞ ሆዷ ውስጥ ገብቶ አንጀቷን ይዘጋዋል። የጥድና የዝግባ ፍቅፋቂም ይቅርብሽ፣ ሽታው ያለበት ንጥረ ነገር ለጉበቷ አይበጅም።

ከሊተሩ በላይ የፕላስቲክ ፍርግርግ ማድረግ የብዙ ሰው መፍትሔ ነው። ሽንቱና በጠጡ ወደ ታች ያልፋል፣ እግሯ ግን ሊተሩን አያገኘውም፤ ስለዚህ የሚቆፈር ነገር የለም። ቀዳዳው በጠጡ የሚያልፍበት፣ ጣቷ ግን የማይቀረቀርበት ይሁን። የሽቦ ፍርግርግ አታድርጊ። የጥንቸል መዳፍ እንደ ድመት ለስላሳ ሥጋ የለውም፣ ፀጉር ብቻ ነው። ሽቦ ላይ ስትቆይ ተረከዟ ይላጣል፣ ይቆስላል።

ድርቆሹን ደግሞ በሳጥኑ አንድ ጫፍ፣ ከላይ ወይም ከጎን፣ ተቀምጣ በምትደርስበት ቦታ አድርጊው። ጥንቸል እየበላች ነው የምትጸዳዳው። ምግቧ እዚያ ካለ ወደ ሳጥኑ የምትሄደው ለሥራ ነው፣ አፏም ሥራ ስለያዘ ጠርዝ መንከሱን ትረሳዋለች። ሳጥኑን ስታጸጂ ሙልጭ አድርገሽ ሽታውን አታጥፊው፣ ከድሮው ጥቂት በጠጥ መልሺበት፤ ቦታዋ መሆኑን በሽታ ነው የምታውቀው። በጣም ሲቆሽሽ ግን ራሷ ታምፃለች። አንዳንዷ ሳጥን የምትገለብጠው ቆሻሻውን ተጸይፋ ነው። ነጩ የሽንት ደለል ካስቸገረሽ አቼቶ አፍስሰሽበት ትንሽ አቆይው፣ ይለቃል።

የቀረው የመቆፈሪያ ቦታዋ ነው። ትልቅ ካርቶን፣ አንድ ጎኑ ለመግቢያ የተቀደደ፣ ውስጡ በተቦጫጨቀ ወረቀትና በድርቆሽ የተሞላ። ከምግቧ ትንሽ ፔሌት በውስጡ በትኝበት፣ ስትፈልግ ትውላለች። ካርቶኑን ራሱን ብትበላውም ግድ የለም፣ ቴፑንና ብረቱን ብቻ አስቀድመሽ አውልቂ። ከመጸዳጃዋ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው፤ ካቀራረብሻቸው ሁለቱን አንድ ታደርጋቸዋለች። መጸዳጃውን መቆፈር ስትጀምር ካገኘሻት ዝም ብለሽ አንስተሽ ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጫት።

የሌሊቱ ነገር ደግሞ ከተፈጥሮዋ ነው። ጥንቸል ይበልጥ የምትነቃው ሲነጋጋና ሲመሻሽ ነው፤ እኛ የምንተኛበት ሰዓት ለእሷ ሥራ ነው። ከመተኛታችሁ በፊት ልጆቹ ለረጅም ጊዜ ፈተው ያሯሩጧት። ቀኑን ሙሉ ጠባብ ቦታ የተዘጋባት ጥንቸል ሌሊት ሳጥን ብትደፋ አይፈረድባትም።

ከሌላ አባል

ወንድሜ በደንብ አስረድቷል። እኔ ግን ፍርግርጉን አልወደውም። የኔው ጥንቸል ፍርግርጉን ራሱን አንስቶ ወርውሮ ነው ሥራውን የሚጀምረው፤ ድምፁ ደግሞ ከሳጥኑ ይብሳል። እኔ ያደረግሁት ሊተሩን በጣም አሳስቼ ከላዩ ድርቆሽ ደረብ አድርጌ ማንጠፍ ነው። ድርቆሹን እያመነዠከ ቁጭ ይላል። ድርቆሽ ይባክናል፣ እሱ እውነት ነው።

መልስ

እውነትህን ነው፣ የማይወዱት አሉ። ፍርግርጉ የሚነሳው ልቅ ሲሆን ነው፤ በአራቱም ጥግ በመቆንጠጫ ከተያዘ ወይም ከሳጥኑ ልክ ጋር ተጣብቆ ከገባ ብዙም አይነሳም። ካልሆነ ያንተው መንገድ ይሻላል። እግሩ ላይ ቁስል ላለበት ጥንቸልማ ያንተው ብቻ ነው የሚሆነው።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ሳጥኑ ባለ ሦስት ማዕዘኑ መሆኑን እንዴት አወቅህ? ሁለት ነገር ልጨምር። ባለቤቴ ስትቆፍር ውሃ እንርጭባት ይላል። ደግሞ ሽንቷ ትናንት ወደ ቀይ አደላብኝ፣ ልደንግጥ?

መልስ

አዲስ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው እሱን ነው፣ ለዚያ ነው።

ውሃውን ተዉት። ጥንቸል በተፈጥሮዋ የምትታደን እንስሳ ናት። ብትረጩባት፣ ብትጮሁባት ከሰውየው ነው የምትሸሸው እንጂ ከቁፋሮው አይደለም። ሳጥን ስትጥል ሮጣችሁ አትሂዱ ደግሞ፤ ሳጥን ስወረውር ይመጣሉ ብላ ትማራለች። ብልህ ናት።

የሽንቱ ቀለም ከቢጫ እስከ ብርቱካናማና ቀላ ያለ ድረስ ይለዋወጣል። የበላችውም ቅጠል ሊያቀላው ይችላል። ነገር ግን ስታምጥ፣ ጥቂት ጥቂት ስታንጠባጥብ ወይም የረጋ ደም ካየሽ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ሳጥኗን በደንብ ስትጠቀም ቆይታ በድንገት የተወች ጥንቸልም ፊኛዋን ሊያማት ይችላል። ግማሽ ቀን ምግብ ካልነካችና በጠጥ ከሌለ ደግሞ ነገ አትበይ፤ የጥንቸል አንጀት ከቆመ ቶሎ ነው የሚጎዳት።

ለምንጣፉ፣ ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም የወለል ፕላስቲክ ከሳጥኑም ከአጥሩም ሥር አንጥፊ። ጠርዙ ከአጥሩ ውጭ እስኪያልፍ ሰፋ አድርገሽ ቁረጪው፤ ጠርዙን ካገኘችው ከዚያ ጀምራ ትበላዋለች። ለጎረቤትሽም ከፕላስቲኩ ሥር ወፈር ያለ የጎማ ምንጣፍ ጨምሪ፣ ድምፁን ይውጠዋል።