«የአበሻ ሆድ አይችለውም» ያለው ማነው?

ዘዋሪው፦ አንዱ ባንኮክ ለሚሄዱ ምክር ብሎ ለጥፏል። «የመንገድ ዳር ምግብ እንዳትነኩ፣ የአበሻ ሆድ አይችለውም» ይላል። በጣም ነው ያናደደኝ! ባንኮክ የቻይኖች ሰፈር፣ ያዎዋራት መንገድ ላይ ማታ ማታ ቆሜ ስበላ ነው የሰነበትኩት። ሴትዮዋ ዓይኔ እያየ፣ እሳቱ መጥበሻውን እየላሰ፣ ፓድ ታዩን፣ የሩዝ ኑድል ጥብሱን፣ በሁለት ደቂቃ አቀበለችኝ። ሆቴል ቡፌ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ለብ ብሎ ከሚውለው ይሄ በስንት ጣዕሙ።

ጎረድጎረድ፦ «የአበሻ ሆድ» የትኛው ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ ኪሎ ቁርጥ በአዋዜ የሚያወርደው? አያቶቻችን ኮሶ ሲጠጡ የኖሩት ታይላንድ ደርሰው መጥተው ነው?

ነርሷ፦ ቀልዱን ተዉት። ከእኛ አገር እዚያ ብዙ ሰው የሚሄደው ታሞ ነው። አባቴን ለቀዶ ጥገና ወስጄው፣ ዞር ስል ሶም ታም በልቶ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት አደረ። ቀጠሮው ተገፋ። የተጨመረውን የሆቴል ሂሳብ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ዘዋሪው፦ እህቴ፣ ሶም ታም እኮ በሙቀጫ የሚወቀጥ ጥሬ ፓፓያ ነው፣ እሳት አያየውም። እኔ የማወራው ስለ ተጠበሰው ነው።

ጾመኛዋ፦ ሶም ታምን «አትክልት ነው፣ የጾም ነው» ብላችሁ ያበላችሁኝ እግዜር ይይላችሁ። የዓሣ ሶስና ደረቅ ሽሪምፕ አለበት።

ጎረድጎረድ፦ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላምን ደግሞ ጀመረችው።

ጾመኛዋ፦ ሽሪምፕ ዓሣ ነው ያለህ ማነው? ክንፍና ቅርፊት አለው?

ድርቆሽ፦ እኔ ድርቆሼን በሻንጣ ይዤ እሄዳለሁ፣ ካለቀም ናና አካባቢ የአበሻ ቤት አለ። ተገላገልኩ።

ዘዋሪው፦ ባንኮክ ድረስ በርሮ ሽሮ! ጄይ ፋይን አታውቋትም? የበረዶ ሸርተቴ መነጽር አድርጋ በከሰል የክራብ ኦምሌት የምትጠብሰውን አሮጊት? በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ የሚሽሊን ኮከብ፣ ያንን ትልቁን የምግብ ቤቶች ሽልማት፣ አግኝታለች እኮ።

ነርሷ፦ እሷ ቤት አላት፣ ጋሪ አትገፋም። ኦምሌቷም በታይላንድ ገንዘብ ከ1,000 ባት በላይ ነው፣ የመንገድ ዳር ዋጋ እንዳይመስልህ። ይልቅ መጠጥ ውስጥ የሚጨምሩት በረዶስ?

ዘዋሪው፦ መሃሉ ቀዳዳ ያለው በረዶ ከፋብሪካ ነው የሚመጣው።

ነርሷ፦ ከፋብሪካ ይምጣ። የሚዘግነው እጅስ?

ጎረድጎረድ፦ ቁርጡን የሚቆርጥልሽስ እጅ?

ነርሷ፦ እሱ ደንበኛዬ ነው፣ አውቀዋለሁ።

ጎረድጎረድ፦ ኮሶውንም ይመርቅልሻል?