የአጎቴ ድምፅ ያለበትን የተበጠሰ ካሴት እንዴት ላድነው?

ጨዋታ አዋቂው አጎቴ ካረፉ በመጪው ወር አንድ ዓመት ይሞላቸዋል። ለሙት ዓመታቸው ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ ላሰማው ያሰብኩት፣ በ1984 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ዕለት የተቀዳ ባለ 90 ደቂቃ ካሴት አለኝ፤ በውስጡም አጎቴ የመንደሩን ሰው አነጋገርና ሳል ሳይቀር እያስመሰሉ ቤቱን በሳቅ ሲያፈርሱት፣ ቀጥሎም የአያቴን ቁጣ አስመስለው ራሳቸውን አያቴን ሲያስደነግጡ ይሰማል።

ባለፈው ሳምንት በአሮጌ ቴፕ ሳጫውተው፣ 10 ደቂቃ ያህል እንደሄደ ቴፑ ክሩን በላውና በጠሰው። የካሴቱን ብሎኖች ፈትቼ ሁለቱን ጫፎች በተለመደው የወረቀት ፕላስተር አያያዝኩና በእስክሪብቶ አጠነጠንኩት። ከመጋጠሚያው በኋላ ግን ድምፁ ከግድግዳ ጀርባ የሚመጣ ይመስል ታፈነ፣ ንግግሩም ከኋላ ወደ ፊት የተገለበጠ ሆነ፤ ከፍቼ ሳየው የክሩ አብረቅራቂ ገጽ፣ ማለትም ቀረጻ የሌለበት ጀርባው፣ ወደ ቴፑ ሄድ (ድምፁን ከክሩ ወደሚያነበው ክፍል) ዞሯል፣ ስለዚህ ገልብጬ ሳላጣብቀው አልቀረሁም። ይባስ ብሎ የፕላስተሩ ሙጫ ወጥቶ ከላይና ከታች ያሉትን የተጠነጠነ ክር ዙሮች አጣብቋቸዋል። ከዚያ ወዲህ አላጫወትኩትም።

ያማከርኩት ቴፕ ጠጋኝ የተጣበቀውን ቆርጬ እንድጥለው መከረኝ፤ ያ ቦታ ግን የአያቴ ቁጣ የሚጀምርበት ነው፣ ሌላ ቅጂም የለንም።

ካሴት በእጃችሁ የጠገናችሁ ካላችሁ፦ የተጣበቁትን ዙሮች ክሩ ሳይሳብና በላዩ ያለው ቀረጻ ሳይላጥ በምን ላላቅቃቸው?