የአቮካዶ ዛፌ ውሃ እያገኘ ለምን ይጠወልጋል?

የቢሾፍቱዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጓሮዬ ውስጥ ሃስ የሚባለው ዝርያ አቮካዶ አለኝ፣ በሌላ አቮካዶ ግንድ ላይ የተዳቀለ። አምና በጣም ያምር ነበር። ዘንድሮ ከመጠን በላይ አበበ፤ የያዘው ፍሬ ግን ጥቂት ነው፣ ያውም ትንንሽ። ቅጠሉ ወደ ቢጫነት ሄዷል። ጠዋት ደህና ይመስላል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ጠውልጎ ይንጠለጠላል፣ ማታ መልሶ ቀና ይላል።

ውሃ በየቀኑ አጠጣዋለሁ። ዩሪያም ጨምሬበታለሁ፤ ለውጥ የለም። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው። የሚገርመኝ ደግሞ ከግንዱ ግርጌ አዳዲስ ቡቃያዎች ወጥተዋል፣ እነሱ ለምለም ናቸው። ዛፉን ምን ነካብኝ? ቡቃያዎቹንስ ልቁረጣቸው?

የጓሮ ሰው

እህቴ፣ መጀመሪያ በየቀኑ ማጠጣቱን አቁሚ። መረሬ ውሃ ይዞ አይለቅም። ሥር ደግሞ ይተነፍሳል፤ አፈሩ ውስጥ አየር ካጣ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ተክሉ ጭቃ ውስጥ ቆሞ በጥም ይጠወልጋል ማለት ነው። አቮካዶ በዚህ በኩል ከብዙ ተክል ይብሳል። አብዛኛው ሥሩ ከላይ ከላይ ነው፣ እርጥበት ሲበዛም ፋይቶፍቶራ የሚባለው የሥር አበስባሽ ይገባበታል። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ አስገቢ። ውስጡ እርጥብ ከሆነ አታጠጪ።

ቡቃያዎቹን ቁረጫቸው። የሚወጡት ከመዳቀያው በታች ካለው ግንድ ስለሆነ የሃስ ፍሬ አይሰጡሽም። ጉልበት ነው የሚጨርሱት።

መምህር ባዮሎጂ

የውሃው ምክር ልክ ነው። ቡቃያውን ግን ቆይ፣ አትቁረጪ። ብዙ አበባ፣ ትንሽ ፍሬ፣ ቢጫ ቅጠል፣ ከታች ለምለም ቡቃያ፤ እነዚህ አንድ ላይ ሲመጡ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ግንዱን ነው። ከቡቃያዎቹ በላይ ግንዱን ዙሪያውን በእጅሽ ዳብሺው። ያበጠ ወይም የታነቀ ቦታ አለ?

የቢሾፍቱዋ

መምህር፣ አለ! የልብስ ማስጫ ሽቦ ግንዱ ላይ ታስሮ ኖሯል። ቅርፊቱ ውስጥ ሰምጦ ከሩቅ አይታይም። ከሽቦው በላይ ግንዱ እንደ ከንፈር አብጧል። ከታች ቀጭን ነው። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሽቦው ውሃ ከልክሎት ከሆነ እስካሁን እንዴት አልደረቀም?

መምህር ባዮሎጂ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሽቦው የከለከለው ውሃን አይደለም።

ግንድ ውስጥ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ። አንዱ እንጨቱ ውስጥ ነው፤ ዛይለም ይባላል። ውሃና ከአፈር የተገኘ ማዕድን ወደ ላይ የሚወጣው በዚህ ነው። የሚስበው ቅጠሉ ነው። ከቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውሃ በተነነ ቁጥር ከኋላው ያለው ውሃ ይጎተታል፣ ጁስ በስትሮ እንደመሳብ። ተክል ከሚስበው ውሃ ከ95 በመቶ በላዩ እንዲህ ተንኖ ይሄዳል።

ሁለተኛው መንገድ ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ፍሎየም ነው። ቅጠል የፀሐይን ብርሃን ተጠቅሞ ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ይሠራል። ስኳሩ በፍሎየም ወደ ፍሬው፣ ወደ ለጋው ቀንበጥና ወደ ሥሩ ይሄዳል። ሥር ጨለማ ውስጥ ስላለ ለራሱ ምግብ መሥራት አይችልም። የሚኖረው ቅጠል በሚልክለት ስኳር ነው።

ሽቦው ያነቀው ቅርፊቱን ነው። ስለዚህ ውሃ ይወጣል፣ ስኳር ግን አይወርድም። ከሽቦው በላይ ይከማቻል፤ እብጠቱም የአበባው ብዛትም ከዚያ ነው። ከሽቦው በታች ያለው ሥር ግን ተርቧል። የተራበ ሥር አዲስ ጫፍ አያወጣም። ማዕድን ከአፈር ለማንሳትም ጉልበት ይፈልጋል፣ ጉልበቱም የሚመጣው ከዚያው ስኳር ነው። ዩሪያው ያልሠራልሽ ለዚህ ነው፤ አፈሩ ውስጥ አለ፣ የሚያነሳው የለም። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ቅጠሉ የሚያተነው ውሃ ከደከመው ሥር አቅም በላይ ይሆናል፣ ይጠወልጋል። ማታ ትነቱ ሲቀንስ ሥሩ ይደርስበታል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ በ17ኛው መቶ ዘመን የዛፍ ቅርፊት በቀለበት ልጦ ከላይ በኩል እንደሚያብጥ አይቷል። ስኳሩን የሚገፋው የግፊት ልዩነት መሆኑን ደግሞ ጀርመናዊው ኤርነስት ሙንክ በ1930 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አስረድቷል።

ከእስራኤል

እዚህ አቮካዶ እርሻ ነው የምሠራው። እኛ ይህንኑ ሆን ብለን እናደርገዋለን። ቅርንጫፍ ላይ ቅርፊቱን በቀጭኑ በቀለበት እንቆርጣለን፤ ስኳሩ እዚያው ቀርቶ ፍሬ እንዲይዝ ይረዳል። ግን የሚቆረጠው የተመረጠ ቅርንጫፍ ነው፣ ሌሎቹ ሥሩን ይመግባሉ። ቁስሉም ቶሎ ይገጥማል። ዋናውን ግንድ ለረጅም ጊዜ ማነቅ ዛፉን መግደል ነው።

ችግኝ ጣቢያ

አሁን ወደ ሥራው። ሽቦውን በፒንሳ በተለያየ ቦታ ቆራርጪው። የሚወጣውን አውጪ። እንጨት የዋጠውን በግድ አትጎትቺ፣ የቀረውን ቅርፊት ይዞ ይመጣል። ለጊዜው ያለውን ፍሬ አርግፊው። ያሳዝናል፣ አውቃለሁ፤ ግን ፍሬ ትልቁ ስኳር በሊታ ነው። ዩሪያ አትጨምሪ። መሬቱን በገለባ ጎዝጉዢው፣ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን እንዳይነካ።

ቡቃያውን በተመለከተ ከመምህር ጋር ነኝ። ቡቃያዎቹ ከሽቦው በታች ስለሆኑ የሚሠሩት ስኳር ያለ ከልካይ ሥሩ ይደርሳል። አሁን ዋናው የሥሩ መጋቢ እነሱ ናቸው።

የጓሮ ሰው

ሽቦ እንዳለ ሳይታወቅ ነው ቁረጪ ያልኩት። ሽቦ ካለስ ይቆዩ። ግን እስከ መቼ? ብዙ ከቆዩ ሃሱን ይውጡታል።

ችግኝ ጣቢያ

ቅርፊቱ ከላይና ከታች ተገናኝቶ ሃሱ ጤነኛ ቅጠል ማውጣት እስኪጀምር ድረስ። ከዚያ አንድ በአንድ ይነሳሉ። እስከዚያ ከፍ ካሉ ጫፋቸውን ቅጠፊ።

ሽቦው ከተነሳ በኋላ ቅርፊቱ ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ካገኘሽው ድልድይ ማዳቀል ያስፈልጋል። ከዛፉ እርሳስ የሚያህል ጤነኛ ቀንበጥ ትወስጃለሽ። ሁለቱንም ጫፍ አሹለሽ አንዱን ከቁስሉ በታች፣ ሌላውን ከቁስሉ በላይ ከቅርፊቱ ሥር ታስገቢዋለሽ። በበቀለበት አቅጣጫ ይሁን፣ እንዳይገለበጥ። በማዳቀያ ላስቲክ አጥብቀሽ ታስሪዋለሽ። የሚሠራው ዛፉ እያደገ ቅርፊቱ በቀላሉ በሚላቀቅበት ጊዜ ነው።

የቢሾፍቱዋ

ሽቦውን ቆረጥኩት። ከኋላ በኩል ሁለት ጣት የሚሆን ቅርፊት ሳይቆረጥ ቀርቷል። ይበቃዋል?

ችግኝ ጣቢያ

ጥሩ ዜና ነው። በዚያ በኩል ስኳሩ መውረድ ይጀምራል፣ ድልድይም ላያስፈልግሽ ይችላል። ያንን ቦታ ምንም ነገር አይንካው። ልብስ ማስጫውን ለብቻው ምሰሶ ትከዪለት።

መምህር ባዮሎጂ

አሮጌው ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ ካልሆነ አትደንግጪ። የምታዪው አዲሱን ነው። አዲሱ ቅጠል ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሃሉ ቢጫ ከወጣ ግን የብረት እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ፎቶ አንሺና ላኪልን።