አቴንስ ስደተኛ አራሶችን ልረዳ ስሄድ የዱቄት ወተት ይዤ ልሂድ?

ወለላ_ዲሲ፦
ጤና ይስጥልኝ። አቴንስ ውስጥ ስደተኛ ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን በሚረዳ ድርጅት ለስድስት ሳምንት በበጎ ፈቃድ እንዳገለግል ተፈቅዶልኛል። የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ አማርኛና ትግርኛ እናገራለሁ፣ ፓስፖርቴ የአሜሪካ ነው። የማኅበራችን ሴቶች የጣሳ ወተትና ጡጦ ሁለት ሻንጣ ሙሉ ሊያሰባስቡልኝ ነው። ምን ልያዝ፣ ምን ልተው? እዚያስ የምጠቅመው በምንድን ነው?

አዋላጅ_ስቶክሆልም፦
እህቴ፣ ወተቱም ጡጦውም ይቅር። በአደጋ ጊዜ የሕፃናት አመጋገብን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ መመሪያ የዱቄት ወተት፣ የጡጦና የጡት ማለቢያ ልገሳ አይጠየቅ፣ አይወሰድ ይላል። ጡት የሚያመርተው በተጠባው ልክ ነው። በነፃ የመጣ ጣሳ ሲከፈት ሕፃኑ መጥባት ይቀንሳል፣ የእናቲቱ ወተትም ይሸሻል፤ ጣሳው ሲያልቅ ደግሞ ተተኪ የለም። ያን ጊዜ ለማብቃቃት ወተቱ በውኃ ይቀጥናል፣ ሕፃኑም ይከሳል።

ብዙ ሰው የማያስበው ማንኪያውን ነው። በአሜሪካ ጣሳ ብዙውን ጊዜ አንድ ማንኪያ ለ60 ሚሊ ሊትር ውኃ ነው፣ በአውሮፓው ለ30። የአውሮፓውን ልክ የለመደች እናት በአሜሪካው ማንኪያ ከበጠበጠች ዱቄቱ እጥፍ ይሆናል፤ ይህ ለጨቅላ ኩላሊት አደገኛ ነው። ዱቄቱም ከጀርም የጸዳ አይደለም። ከፈላ 30 ደቂቃ ባላለፈው፣ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ባልወረደ ውኃ ተበጥብጦ፣ ቀዝቅዞ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ካልተጠጣ ይደፋል። ውኃ ማፍያ በሌለው የመጠለያ ክፍል ይህን በእኩለ ሌሊት ማን ያደርገዋል? በእርግጥ ማጥባት የማትችል ካለች፣ አዋላጅ አይታት አዘገጃጀቱን ካሳየቻት በኋላ ድርጅቱ ራሱ ሳያቋርጥ ይሰጣታል።

ለሻንጣው፦ ግሪክ ከግማሽ በላይ ወሊድ በኦፕራሲዮን ነው። ወገቡ ከቁስሉ በላይ የሚውል፣ አዲስ፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ሙታንታ ያዢ። ዳይፐር እዚያው ይገዛል፤ ለእሱ ገንዘብ ያዋጡ።

ሰነድ_አዋቂ፦
በአሜሪካ ፓስፖርት በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ያለ ቪዛ ትቆያለሽ። ልብ በይ፣ ቆጠራው የግሪክ ብቻ ሳይሆን የሸንገን (በጋራ ቪዛ የተሳሰሩት የአውሮፓ) አገሮች ሁሉ ድምር ነው። ከወንጀል ነፃ የሚለውን ወረቀት አሁኑኑ ጀምሪ፣ እሱ ነው የሚያዘገየው። የትክትክ ክትባት ቢያንስ ከ2 ሳምንት በፊት ይሁን፤ ሕፃናቱ የመጀመሪያውን የሚከተቡት በ2 ወራቸው ስለሆነ እስከዚያ የራሳቸው የክትባት መከላከያ የላቸውም። ኩፍኝንም አረጋግጪ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላችሁ ከ6 ወር እስከ 15 ቀን ቀደም ብላችሁ የሸንገን ቪዛ አመልክቱ፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠየቃል።

አስተርጓሚ_ሚላኖ፦
የአንቺ ዋጋ ቋንቋሽ ነው፣ በተለይ ስም ላይ። ግሪክ ውስጥ ልደት በ10 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። የእኛም የኤርትራውያንም ስም የቤተሰብ ስም የለውም፤ በጥገኝነት ካርዱ አያት እንደ ቤተሰብ ስም ሲገባ፣ በሆስፒታሉ ወረቀት አባት ይገባል፣ ፊደሉም ይለያያል። ሕፃኑ የራሱን የሕክምና ቁጥር ሲጠይቅ ወረቀቶቹ አልገጥም ይላሉ። ከሆስፒታል ሳትወጡ ካርዱን ከወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪ።

ስታስተረጉሚ "አመመኝ" ካለች "አመመኝ" በይ እንጂ "አመማት ትላለች" አትበይ፣ ከራስሽ ምክርም አትጨምሪ። እናቲቱ አንቺን እንደ አስተርጓሚ ትፈልግ እንደሆነ ግን አስቀድሞ ሠራተኛዋ ለብቻዋ ትጠይቃት፤ በጦርነቱ ምክንያት ከየት እንደመጣሽ የምትሰጋ አለች። ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ሲነሣ ባልም ሆነ ዘመድ ክፍሉ ውስጥ አይኑር። በየት ዞራ እንደመጣች ካላወራች አትጠይቂ።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፦ አራስ በአንድ ሰዓት ሞዴስ የሚሞላ ደም ከፈሰሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ካለባት፣ ጨቅላው አልጠባም ካለ ወይም 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወዲያው 166 (የግሪክ አምቡላንስ) ወይም 112 ደውሉ።

ወለላ_ዲሲ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወተቱ ግማሹ ተገዝቷል፣ ምን ይደረግ?

አዋላጅ_ስቶክሆልም፦
ያልተከፈተውን ከነደረሰኙ መልሱ። ሱቁ እምቢ ካለ፣ ቀኑ ያላለፈውን እዚያው ሰፈራችሁ ላለ ፉድ ባንክ ስጡ፤ የአሜሪካውን ማንኪያ እነሱ ያውቁታል።